ቃታው መቼ ይሳብ?



የአደን ጨዋታ ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታሰበን የጠብመንጃው ድምፅና የወደቀው አውሬ ነው። የአዳኝ ሙያ የሚመዘነው ግን በተኩሱ ሳይሆን ከተኩሱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች አዳኙ ለራሱ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «አሁን ልተኩስ ወይስ ልቆይ?» የሚለው ነው። እኛም ይህን ጥያቄ በደጋ አጋዘን ምሳሌነት ለማስረዳት አስበናል። ጠብመንጃ ነክቶ የማያውቅ ተማሪም ቢሆን ጉዳዩ ይመለከተዋል ብለን እናምናለን፤ የደጋ አጋዘን የሚገኘው በአገራችን ብቻ ነውና።

ስለ እንስሳው ጥቂት እንበል። የደጋ አጋዘን የሚኖረው በባሌና በአርሲ ተራሮች እንዲሁም በጨርጨር በኩል ባሉ ደጋዎች፣ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ባላቸው የጥድ፣ የኮሶና የአስታ ጫካዎች ውስጥ ነው። የአገሬው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የሳይንስ ሰዎች ግን የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር ቡክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አንዱን ከገደለ በኋላ ሲሆን፣ በ1910 ሪቻርድ ላይዴከር ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ሥዕሉም በ10 ሳንቲም ላይ ተቀርጿል። አውራው ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ የተጠማዘዘው ቀንዱ በጥምዝምዙ ሲለካ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሴቷ ቀንድ የላትም።

ይህ እንስሳ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተቈጥሯል። እርሻና ከብት ወደ ተራራው ሲወጡ ጫካው እየጠበበ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1991 በመንግሥት ለውጥ ጊዜ ደግሞ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል እጅግ ብዙው ተገደለ። አደኑ በሕግ የተወሰነ ነው፤ በፓርክ ውስጥ ፈጽሞ ክልክል ሲሆን፣ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች ግን በፈቃድ ጥቂት አውራዎች ብቻ ይታደናሉ። ጨርሶ መታደን አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። እኛ ዛሬ የምንለው ይህ ነው፤ የሚፈቀደው ቍጥር እንዲህ ትንሽ በሆነበት ስፍራ አንድ የተሳሳተ ጥይት ትልቅ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አዳኙ አድፍጦ፣ አውራውም 200 ሜትር ርቆ ከአስታው ዳር ብቅ ብሏል እንበል። ቃታው ከመሳቡ በፊት አምስት ነገሮች መመርመር አለባቸው።

አንደኛው ነፋሱ ነው። አጋዘን ዐይኑን ሊጠራጠር ይችላል፤ አፍንጫውን ግን አይጠራጠርም። በተራራ ላይ ነፋስ ሥርዓት አለው፤ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ቍልቍል ይወርዳል፤ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ደግሞ አየሩ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ጧት በማለዳ ከላይ ሆኖ ወደ አውሬው የሚወርድ ሰው ሽታውን ቀድሞ ይልካል። ረፈድ ሲል ነፋሱ የሚዞርበት ሰዓት ስላለ ከሁሉ የሚያሳስተው ያ ጊዜ ነው። የባላገር አዳኝ አንድ ቍንጥር አመድ በጨርቅ ቋጥሮ የሚይዘው በከንቱ አይደለም፤ በተን አድርጎ የነፋሱን አካሄድ ያይበታል። ነፋሱ ወደ አውሬው የዞረ እንደሆነ የሚሻለው ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ መንገድ መፈለግ እንጂ «ሳይሸሽ ልተኩስ» ብሎ መጣደፍ አይደለም።

ሁለተኛው የአውሬው ሁኔታ ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚግጥ፣ ጆሮውንና ጅራቱን ለዝንብ የሚያወናጭፍ አውራ ልቡ ዕረፍት ላይ ነው። ራሱን ቀና አድርጎ ሁለቱን ጆሮዎቹን ወደ አንድ አቅጣጫ ያቀና እንደሆነ ጠርጥሯል፤ ገና አልወሰነም ማለት ነው። ሰውነቱ ተገትሮ የኋላ እግሩን ከሰበሰበ ግን ለመሸሽ ቈርጧል። ጀማሪ አዳኝ የሚሳሳተው በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። አውራው ወደ እርሱ ሲያፈጥጥ «አየኝ፣ አለቀ» ይልና ይተኩሳል። የለመደ ሰው ግን እንደ ድንጋይ ጸጥ ይላል። አውሬው የሚያየው ከቅርጽ ይልቅ እንቅስቃሴን ስለሆነ፣ ነፋስ ካልነገረው በቀር ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው በርዶለት ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ደግሞም ራሱን ዝቅ አድርጎ ወዲያው ቀና ቢል አዳኙ አይታለል፤ ጠርጣራ አውሬ የበላ መስሎ ሊፈትን ይችላልና።

ሦስተኛው የአቋቋሙ ነገር ነው። በበዓል ቀን በግ ሲበለት ቆሞ ያየ ሁሉ ልብና ሳንባ የት እንደሚገኙ ያውቃል፤ ከፊት እግሩ ኋላ፣ በደረቱ ታችኛ ክፍል ነው። በአንድ ትልቅ አጋዘን ላይ ይህ ስፍራ ከአንድ የእንጀራ ምጣድ በእጅጉ ያነሰ፣ ወርዱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚሆን ነው። ጐኑን ሰጥቶ የቆመ አውራ ይህን ስፍራ በሙሉ ያሳያል። ጥቂት ፊቱን አዙሮ የቆመም እንዲሁ የተመቸ ነው፤ አዳኙ በወዲያኛው ትከሻ አንጻር ካነጣጠረ ጥይቱ በሳንባው ውስጥ ያልፋል። ፊት ለፊት የቆመው ግን የሚሰጠው ጠባብ ስፍራ ነው፤ ጀርባውን የሰጠው ደግሞ ምንም አልሰጠም። ወደ ኋላ የሳተ ጥይት ጨጓራ ያገኛል። ጨጓራው የተመታ አውሬ ወዲያው አይሞትም፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እየተሠቃየ በጫካ ይንከራተታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንጨምር። የዛሬ የአደን ጠብመንጃ ጥይት 200 ሜትር ለመሄድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ቀስ ብሎ የሚራመድ እንስሳ በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ቢሄድ፣ በሩብ ሰከንድ ውስጥ ወደ 38 ሳንቲሜትር ይራመዳል። በዚህም ላይ አእምሮ «ተኩስ» ብሎ ጣት እስኪታዘዝ የሚያልፈው ጊዜ አለ። እንግዲህ ልቡ ላይ የተነጣጠረች ጥይት ሆዱን ታገኛለች ማለት ነው። «አይ፣ በዝግታ እኮ ነው የሚራመደው» ማለት መልስ የማይሆነው ስለዚህ ነው። ድምፁ ከጥይቱ ኋላ ስለሚደርስ አውሬው ተኩሱን ሰምቶ አይሸሽም፤ ሆኖም አስቀድሞ ለመራመድ አስቦ ከነበረ ተኳሹ ያንን አያውቅም። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ የቆመ እንጂ የሚራመድ አይተኮስም።

አራተኛው ርቀቱና መሬቱ ነው። በባሌ ገደላ ገደል ሽቅብም ሆነ ቍልቍል የሚተኩስ ሰው አንድ ነገር ያስደንቀዋል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ጥይቱ ካሰበው በላይ ይመታል። ምክንያቱ የመሬት ስበት ጥይቱን ዝቅ የሚያደርገው በአግድሙ ርቀት ልክ እንጂ በተዳፋቱ ርዝመት ልክ ስላልሆነ ነው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 300 ሜትር የራቀ አውራ በአግድም ሲቈጠር 260 ሜትር ብቻ ነው። ለ300 ሜትር ብሎ ከፍ አድርጎ ያነጣጠረ ሰው ከጀርባው በላይ ይስታል፤ ወይም ከዚያ የከፋውን፣ ጀርባውን ገጭቶ ያቈስለዋል። እንዲሁም ከአውራው ኋላ ያለውን ማየት ግዴታ ነው። ጥይት በአንዱ ሰውነት ውስጥ አልፎ ከኋላ የቆመችውን ሴትና ጥጃ ሊያገኝ ይችላል። አውራው በሰማይ ጠርዝ ላይ ከቆመ ደግሞ ከተራራው ወዲያ እረኛ ይኑር፣ ቤት ይኑር አይታወቅም። ከኋላው አፈር ከሌለ ተኩስም የለም።

አምስተኛው ራሱ ተኳሹ ነው። ይህ ከሁሉ የሚረሳው ነው። በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሽቅብ የወጣ ሰው ልቡ ይደልቃል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ በማለቱም አፈሙዙ ይዋዥቃል። በሜዳ ላይ ተደግፎ ኢላማውን የማይስት ሰው እዚህ ቆሞ ቢተኩስ ያችን 30 ሳንቲሜትር ላያገኛት ይችላል። ስለዚህ ሰደፉን በትከሻው አጽንቶ፣ ጠብመንጃውን በድንጋይ ወይም በጓዝ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ይቆያል። ከዚያም ራሱን ይጠይቅ፤ «ይህን ተኩስ ዐሥር ጊዜ ብተኩስ ዐሥሩንም አገኛለሁን?» መልሱ «ምናልባት» ከሆነ ጣቱን ከቃታው ያንሣ።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ይህ አውራ የሚገደለው አውራ ነውን የሚል ጥያቄ አለ። የሚፈለገው ዕድሜው የገፋ፣ ዘሩን አስቀድሞ የተወ ሽማግሌ አውራ ነው። ቀንዱ ገና ያልተጠማዘዘ ወጣት ቢገደል የነገ አባት ጠፋ ማለት ነው። ይህንንም ለመለየት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ያልሰጠ አውራ ለመታወቅም ዕድል አልሰጠም።

ከመካከላችን አንዱ በዕረፍቱ ወራት ከአንድ የአደን ጓድ ጋር በአስተርጓሚነት ወጥቶ ነበር። በአምስተኛው ቀን ማታ ሲል አንድ ግሩም አውራ ከአስታው ወጣ። እንግዳው አዳኝ አምስት ቀን ሙሉ ስለደከመ ልቡ ቸኵሏል። አውራው ቀና ብሎ አያቸው፤ አንድ እርምጃም ተራመደ። መንገድ መሪው ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «ቆይ» ሲሉ ጓደኛችን ቃሉን ተርጕሞ ሳይጨርስ ጥይቱ ወጣ። አውራው ጐብጦ ወደ ጫካው ገባ። ወደ ስፍራው ሲደርሱ የተገኘው ደም ጥቂትና የጠቈረ፣ ያልተፈጨ ሣር የተቀላቀለበት ነበር። ሽማግሌው ሣሩን በጣታቸው አሽተው አዩትና ምንም አልተናገሩም። በማግስቱ ከጧት እስከ ማታ ዱካውን ተከተሉ፤ ከቀትር በኋላ ዝናብ መጥቶ አጠበው። ወደ ሰፈር ሲመለሱ ጓደኛችን «አባባ፣ ባይተኩስ ኖሮ እኮ ይሸሽ ነበር» አላቸው። እርሳቸውም «ይሽሽ፤ የሸሸው ነገ ይመጣል። ልጄ፣ ያጣደፈን አውሬው አይደለም፤ የተጣደፍነው እኛው ነን» ሲሉ መለሱለት።

ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። አንድ ሰው ተኩሶ ባቈሰለ ጊዜ ፈጥኖ መከተል የለበትም። ደሙ ቀይና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባው ተመትቷልና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢሄድ በቅርብ ያገኘዋል። ደሙ የጠቈረ ከሆነ ጉበት፣ ሣር ካለበት ጨጓራ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል፤ የተባረረ ቍስለኛ ብዙ ይርቃልና። ነገር ግን ቍስለኛን ፈልጎ የማግኘት ብልኀት ሁሉ፣ ባልተገባ ጊዜ የተሳበን ቃታ አይክሰውም። በብዙ አገሮች የአደን ደንብ ቈስሎ የጠፋ አውሬ እንደ ተገደለ የሚቈጠረውም ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ጠርጣራ አውሬ አዳኙን የሚያታልለው በመሸሹ ሳይሆን «ሊሸሽ ነው» የሚል ሥጋት በልቡ በማሳደሩ ነው። ሥጋት ግን ምክንያት አይደለም። ከላይ ከዘረዘርናቸው ነገሮች አንዱ እንኳ ቢጐድል አውራው ሊሸሽ መሆኑ የጐደለውን አይሞላውም። ነፋሱ ሲስማማ፣ አውሬው ሲረጋጋ፣ ጐኑን ሰጥቶ ሲቆም፣ ከኋላው አፈር ሲኖር፣ የተኳሹም ትንፋሽ ሲመለስ ጊዜው ደርሷል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማመንታት አይገባም፤ የተመቸ ሁኔታ ሳይለወጥ ቃታው በዝግታ ይሳባል።

አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ከአፈሙዝ የወጣም እንዲሁ ነው። ያልተተኮሰች ጥይት ለነገ ትቀመጣለች፤ የተተኮሰችውን ግን ማንም አይመልሳትም። የደጋ አጋዘንም ቢሆን ከአገራችን ተራሮች የጠፋ እንደሆነ ከሌላ አገር ተፈልጎ የሚመጣ አይደለምና፣ በዚያ የሚያድን ሁሉ ሳይተኩስ የተመለሰበትንም ቀን ከሙያው እንዲቈጥረው አደራ እንላለን።