የገበሬው እግር፤ የሚያገኘው ጉዳትና አያያዙ

በሬ ሲያነክስ ባለቤቱ በዚያው ዕለት ቀንበሩን ያወርድለታል። ሰኮናውን አንሥቶ ይመለከታል፤ እሾህ ወይም ጠጠር ቢያገኝ ያወጣለታል፤ እስኪሻለውም ድረስ አይጠምደውም። የራሱ እግር ሲቆስል ግን ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ በጨርቅ ጠምጥሞ ወደ ማሳው ይመለሳል። ይህ ከትጋት የመጣ ቢሆንም ጉዳቱ ለቤተ ሰቡ ነው፤ በዘር ወራት እግሩን የታመመ ገበሬ በሬዎቹ ደኅና ቢሆኑም እርሻው ይቆምበታልና።

የእግር ጉዳት ዐይነቱ ብዙ ነው። ነገር ግን የአብዛኛው መጨረሻ በመጀመሪያው ሰዓትና በመጀመሪያው ቀን በሚደረግለት አያያዝ ይወሰናል። በወቅቱ በሚገባ የተያዘ እግር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይድናል፤ በተሳሳተ አያያዝ የቆየ ግን እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ገበሬውን የሚያጋጥሙትን ጉዳቶች፣ በቤት ሊደረግ የሚገባውንና ወደ ሐኪም መሄጃውን ጊዜ ከዚህ በታች በተራ እንገልጻለን።

አገሩና እግሩ

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ስትሆን ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ የመሬቱ ጠባይ ስለሚለያይ እግርን የሚያገኘውም ጉዳት ይለያያል። በቦርከና ሜዳ ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ስለሚጨቀይ እግር ሳይደርቅ ይውላል፤ ጣቶች መሐል ይላላጣል። በተራራው ወገብ ያለው ማሳ ድንጋያማና ተዳፋት ስለ ሆነ እርከን ለእርከን ሲወጣና ሲወረድ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። ግራር ባለበት ደግሞ እሾህ ይበዛል።

1ኛ፤ የስለት ቁስል

ማረሻ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይፈናጠራል፤ ዶማና መጥረቢያም ሊስቱ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ እግር ቢቆረጥ የሚከተለው ይደረግ፤

ሀ. በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን ከላይ አጥብቆ መጫንና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እጅን ሳያነሡ መቆየት ነው። የቆሰለው ሰው ተጋድሞ እግሩን ከፍ ያድርግ።

ለ. ደሙ ሲቆም ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፤ አፈሩ ሁሉ ይውጣ።

ሐ. ታጥቦ በደረቀ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ።

ደሙን ለማቆም እበት፣ ዐመድ፣ የቡና ዱቄት ወይም አፈር በቁስል ላይ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ምክንያቱም መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ረቂቅ ተሕዋስ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ የሚኖር ነው። ወደ ቁስል ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ውስጥ በሽታው ይነሣል፤ መንጋጋ ይቆለፋል፤ ሰውነት ይገተራል፤ ሕመምተኛውም ሊሞት ይችላል። በሽታው ከተነሣ በኋላ ማዳኑ አስቸጋሪ ነው፤ መከላከያው ክትባት ግን ቀላል ነው። ስለዚህ በአፈር ወይም በእበት የቆሸሸ ቁስል ያገኘው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ሄዶ ስለ ክትባቱ ይጠይቅ።

2ኛ፤ እሾህና ሚስማር

የውጊያ ቁስል አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ጥልቅ ስለ ሆነ ከሰፊው ቁስል ይልቅ ያታልላል። ከላይ የሚታይ እሾህ ከሆነ እግርን አጥቦ፣ መርፌውን በፈላ ውሃ ቀቅሎ ማውጣት ይቻላል። ጠልቆ የገባውን ግን በቢላዋ መፈልፈል ቁስሉን ያሰፋዋል፤ እሾሁንም ይሰብረዋል። ይህንስ ለሐኪም መተው ይሻላል። ሙጀሌም እንዲሁ በንጹሕ መርፌ ይውጣ፤ አንዱ ያወጣበትን መርፌ ሌላው ሳይቀቅል አይጠቀምበት።

ከእሾህ ውጊያ በኋላ ወራት ቆይቶ የማያም እብጠት ቢወጣ፣ ከዚያም ቀዳዳ አበጅቶ ጥቃቅን ፍሬ የመሰለ ነገር ቢያፈስ፣ ይህ ቀስ እያለ ሥጋንና አጥንትን የሚበላ በሽታ ሊሆን ይችላል። አያምም ተብሎ መተው የለበትም። ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ በሽታ ሕክምና የቆየ ስለ ሆነ የጤና ጣቢያው ሐኪም ወደዚያ ሊልክ ይችላል።

3ኛ፤ ወለምታና ስብራት

ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ሲዞር በውጭ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ይሳባሉ ወይም ይበጠሳሉ። ወዲያው ያብጣል፤ ይጠቁራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚደረገው ይህ ነው፤

ሀ. ሥራ ማቆምና እግሩን ማሳረፍ።

ለ. በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማድረግ፤ ይህንንም በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ መደጋገም።

ሐ. ከጣቶቹ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ሰፋ ባለ ጨርቅ ሳያጠብቁ መጠቅለል።

መ. ተኝቶ እግሩን በትራስ ወይም በጆንያ ከልብ ከፍ ማድረግ።

በእነዚህ ቀናት ማሸትና በትኩስ ነገር መተኮስ እብጠቱን ያብሰዋል። ሕመሙ ሲቀንስ ግን እግርን ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስና መርገጥ መልካም ነው፤ ብዙ የተኛ ቁርጭምጭሚት ይደርቃልና።

ስብራት ይሁን ወለምታ ለመለየት ቀላል መመርመሪያ አለ። ሰውዬው እንደ ተጎዳም ሆነ ቆይቶ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በሁለቱ ጎን ካሉት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የአንዱ ጫፍ ወይም የኋላ ጠርዝ ሲጫን የሚያም ከሆነ፣ ስብራት ሊሆን ስለሚችል በራጅ መታየት ያስፈልገዋል። እግሩ ጠምሞ ከታየ ወይም አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣ ሳይጎትቱና ሳያቃኑ፣ እንዳለ ደግፈው በቃሬዛ ይውሰዱት።

4ኛ፤ የጠበቀ ማሰሪያ አደጋ

በአገራችን ወጌሻ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ሰው የረዳ ባለሙያ ነው። አደጋ የሚመጣው ስብራት ወይም ወለምታ ገና እያበጠ ሳለ በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ ስንጣሪ ተጨምቆ በጠበቀ ጊዜ ነው። እግሩ ከታሰረ በኋላም ማበጡን ይቀጥላል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። በዚህ ጊዜ ደም ወደ ጣቶች መውረዱን ያቆማል። ደም ያላገኘ ሥጋ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ መሞት ይጀምራል፤ የሞተ ሥጋም አይመለስም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ብዙ እግርና እጅ፣ ይልቁንም የልጆች፣ በዚህ ምክንያት ተቆርጧል። ስብራቱ ራሱ ሊድን የሚችል ሳለ እግሩን ያሳጣው ማሰሪያው ነው።

ስለዚህ ማንም ያሰረው ማናቸውም ማሰሪያ በየሰዓቱ ይመርመር። ጣቶቹ ከማሰሪያው ውጭ ይሁኑ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ሲጫኑት ይነጣል፤ ሲለቁት በሁለት ሰከንድ ያህል ቀለሙ መመለስ አለበት። ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ማንቀሳቀስም ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይላላ፤ ሰውዬውም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሕፃን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ወላጆች «አጥንቱ እየገጠመ ነው» ብለው ዝም አይበሉ። ልቅሶው ማሰሪያው እንዲላላ የሚጠይቅ ምልክት ሊሆን ይችላል።

5ኛ፤ ከአፈር የሚመጣ ዝሆኔ

የእግር ማበጥ ሁሉ ከአደጋ የሚመጣ አይደለም። በደጋ አገር በባዶ እግር ለብዙ ዓመት የሚሠራ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር ይህ ዝሆኔ ከአፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው፣ ከሥጋ ውስጥ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፤ ይዘጋሉም። ከዚህም የተነሣ ፈሳሹ በእግር ይጠራቀማል። በቆላ አገር በወባ ትንኝ ዐይነት ነፍሳት ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ይኸኛው ከእግር ጣቶች ተነሥቶ ወደ ጉልበት የሚወጣ ነው። በአማራ ክልል በጎጃም በኩል ይበልጥ ቢታወቅም የወሎ ደጋ አፈርም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ስለ ሆነ ጥንቃቄው ለእኛም ይገባል።

የመጀመሪያ ምልክቱ የእግር መዳፍ ማሳከክና ማቃጠል፣ እንዲሁም ማታ አብጦ ጧት የሚጎድል እብጠት ነው። በዚህ ጊዜ ከተያዘ ሊመለስ ይችላል። ሕክምናው እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ የጤና ሠራተኛ በሚያሳየው መጠን ጥቂት በረኪና ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው አያያዝ ሕመምተኛውን ከአልጋ የሚጥለውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። አንዳንዱ ዘር ለአፈሩ ከሌላው ይልቅ ስስ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ ሊድን ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛውን ከደቦ፣ ከዕድርና ከጋብቻ ማራቅ ያለ ምክንያት መበደል ነው።

6ኛ፤ የማያም ቁስል

ቁስል እያለ ሕመም የማይሰማ ከሆነ ይህ መልካም ምልክት አይደለም። ስኳር በሽታና ሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ያጠፋሉ፤ ሰውዬው ጠጠር በጫማው ውስጥ ሲቆርጠው፣ እሳትም ሲያቃጥለው አይታወቀውም። እንዲህ ያለ ሰው እግሩን በየቀኑ በዐይኑ ይይ፤ ሐኪምም ዘንድ ይሂድ። የሥጋ ደዌ መድኀኒት በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ቶሎ የጀመረውም አካሉ ሳይጎድል ይድናል።

በየማታው የሚደረግ

ገበሬው ከሥራ ሲመለስ እግሩን በሳሙና ይታጠብ። በጣቶች መሐል ያለውን አድርቆ ይጥረግ፤ የሚላላጠው አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ሲያድርበት ነውና። ተረከዙ ቢሰነጠቅ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ ቫዝሊን ይቀባ። ኮንጎም ሆነ በረባሶ ከእሾህ ስለሚጠብቅ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ከአፈር ለመጠበቅ ግን ዙሪያውን የተሸፈነው ይበልጣል። ጫማው ራሱ ከውስጥ ይታጠብ፤ አፈር የሞላበት ጫማ አፈሩን ከእግር ጋር ሲያሽ ይውላልና።

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሐኪም አይደለም፤ ነገር ግን ጉዳቱ በደረሰበት ማሳ ቀድሞ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ስለዚህ በገበሬዎች ማሰልጠኛ ማዕከሉ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅና ሰፊ መጠቅለያ ይኑረው። በበልግና በመኸር እርሻ መጀመሪያ፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ሲያስተምር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጋብዞ የጥፍሩን ምርመራና የአራቱን እርምጃ ፈተና ለገበሬዎች ያሳይ። የቀበሌውን ወጌሾችም በአክብሮት ይጥራቸው፤ ማሰሪያ ስለ ማላላትና የተሰበረውን ቶሎ ስለ መላክ ይመካከር። ወጌሻው የሚሰማ ከሆነ አንድ ቀበሌ ሙሉ ይድናል።

ሁለት ሳምንት ያረፈ ወለምታ የሚያስቀረው የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፤ ይህንንም ጎረቤት በወበራ ሊሸፍነው ይችላል። የተቆረጠን እግር ግን ደቦም ወበራም አይመልሰውም።