ሳምንታዊው የሕመምና የሞት ሪፖርት፦ ታሪኩና አሠራሩ

“የሕመምና የሞት ሳምንታዊ ሪፖርት” ሲዲሲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ተቋም የሚያሳትመው የኅብረተሰብ ጤና መጽሔት ነው። የትኛው በሽታ የት እንደታየ፣ ስንት ሰው እንደያዘና ምን መደረግ እንዳለበት ለሐኪሞች፣ ለጤና ቢሮዎችና ለሕዝብ በየሳምንቱ ያሳውቃል። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ይሁን እንጂ በኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈረው በዚህ መጽሔት ላይ ነው።

የመጽሔቱ መነሻ 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ኮሌራና ቢጫ ወባ በመርከብ ተጭነው ከወደብ ወደ ወደብ ይዛመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 የአሜሪካ ኮንግረስ ያወጣው የኳራንቲን ሕግ በውጭ አገር ያሉ የአሜሪካ ቆንስሎች ስለሚገኙበት ከተማ የጤና ሁኔታ በየሳምንቱ እንዲጽፉ አዘዘ። የተላከው መረጃ ተጠናቅሮ የመጀመሪያው እትም በዚያው ዓመት ጁላይ 13 ቀን ወጣ። በዚሁ ዓመት ቢጫ ወባ በሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆ 20 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ፤ በሜምፊስ ከተማ ብቻ የሞቱት ከ5 ሺህ በላይ ነበሩ። ወሬው ከበሽታው ቀድሞ ካልደረሰ ምን እንደሚከተል ይህ እልቂት በግልጽ አሳየ።

ኅትመቱ ከዚያ በኋላ ተቋርጦ እንደገና ተጀመረ፤ ስሙም በተደጋጋሚ ተለወጠ። የዛሬውን ስያሜ ያገኘው በ1952 ሲሆን፣ በወቅቱ ያዘጋጀው የነበረው ዋሽንግተን የሚገኘው የስታቲስቲክስ ቢሮ ነበር። አሌክሳንደር ላንግሙር የተባሉት የሲዲሲ ዋና ኤፒዲሚዮሎጂስት ሪፖርቱ ወረርሽኝ ወደሚከታተሉት ባለሙያዎች እንዲዛወር ብዙ ደከሙ፤ በ1961ም አትላንታ ወዳለው ተቋማቸው ገባ። በላንግሙር እምነት መረጃ መሰብሰብ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ተተንትኖ እርምጃ ሊወስድ ለሚችል ሰው በጊዜው መድረስ አለበት። መጽሔቱ እስካሁን የሚመራው በዚህ ሐሳብ ነው።

የዚህ ሐሳብ ትልቁ ፈተና የመጣው በ1981 ነው። በሎስ አንጀለስ የሚሠሩት ዶክተር ማይክል ጎትሊብ የሰውነታቸው የመከላከል አቅም እጅግ የተዳከመ ሰዎችን ብቻ የሚይዝ ያልተለመደ የሳንባ ምች ጤነኛ በነበሩ ወጣቶች ላይ አዩ። ግኝታቸውን ለታወቀ የሕክምና ጆርናል ለመላክ ሲጠይቁ፣ ታትሞ እስኪወጣ ወራት እንደሚፈጅ ተነገራቸው። ስለዚህ አጭር ሪፖርት ለሲዲሲ ተላከና ጁን 5 ቀን 1981 ታተመ። አምስት ወጣት ወንዶች መታመማቸውንና ሁለቱ መሞታቸውን የሚገልጸው ይህ ጽሑፍ የእትሙ መሪ ዜና እንኳ አልነበረም፤ ከፊቱ በካሪቢያን ተጓዦች ላይ ስለታየ የደንጊ ትኩሳት የሚያወራ ዘገባ ነበር።

ጽሑፉ የበሽታውን መንስኤ አላወቀም፤ አውቃለሁም አላለም። የታየውን መዘገበ፤ በአዘጋጆቹ ማስታወሻ ላይም የመከላከል አቅም መዳከምና በግብረ ሥጋ ግንኙነት የመተላለፍ ዕድል ሊኖር እንደሚችል በጥንቃቄ ጠቆመ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጁላይ 3 ቀን፣ በኒውዮርክና በካሊፎርኒያ ካፖሲ ሳርኮማ የተባለ ካንሰር የያዛቸው 26 ሰዎች መገኘታቸው ተዘገበ። ኤድስ የሚለው ስም በመጽሔቱ ላይ የወጣው በሴፕቴምበር 1982 ነው። በማርች 1983 ደግሞ የመከላከያ ምክሮች ታተሙ፤ ይህም የበሽታው መንስኤ የሆነው ቫይረስ ተለይቶ ከመረጋገጡ በፊት ነው። መንስኤው እስኪታወቅ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ሰዎች ራሳቸውን ሊጠብቁበት የሚችሉበት ጊዜ ይባክን ነበር።

እንዲህ ያለውን ፍጥነት ያስቻለው የዝግጅት አሠራሩ ነው። በተለመደው የሳይንስ ጆርናል አንድ ጽሑፍ ሲቀርብ አዘጋጁ ከተቋሙ ውጭ ላሉ የዘርፉ ምሁራን ይልካል፤ እነርሱም ጥናቱን መርምረው እንዲታተም፣ እንዲታረም ወይም እንዲመለስ ሐሳብ ይሰጣሉ። ይህ የአቻ ግምገማ ጠቃሚ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ወራት ይወስዳል። የሲዲሲ መጽሔት ግን በዋናነት የሚመረኮዘው በውስጥ ምርመራ ላይ ነው። የተቋሙ ባለሙያዎች የጻፉት ሪፖርት በየደረጃው ባሉ የሳይንስ ኃላፊዎች ታይቶ ሲፈቀድ ወደ አዘጋጆቹ ይመጣል። አዘጋጆቹም ቁጥሮቹ ከሠንጠረዦቹ ጋር መስማማታቸውን፣ መደምደሚያውም ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ አለመሄዱን ይፈትሻሉ፤ ቋንቋውንም ያቃናሉ።

በሳምንታዊው እትም የሚወጣ አንድ ሪፖርት ብዙውን ጊዜ ከ1,400 ቃላት አይበልጥም። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለብቻ በተከለለ ቦታ ይመልሳል፦ ቀድሞ የሚታወቀው ምንድን ነው? ይህ ሪፖርት ምን ጨመረ? ለጤና ሥራ ምን ትርጉም አለው? የጥናቱ ድክመቶችም በግልጽ ይዘረዘራሉ። መደበኛው እትም ሐሙስ ይወጣል፤ አስቸኳይ ጉዳይ ሲያጋጥም ግን ቀኑ ሳይጠበቅ ይታተማል። ጽሑፎቹ የመንግሥት ሥራ በመሆናቸው ማንም ያለ ክፍያ ሊያነባቸውና መልሶ ሊያሳትማቸው ይችላል።

መጽሔቱ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ጉዳዮችንም ይከታተላል። ጊኒ ዎርም የተባለውን በትል የሚመጣ በሽታ ከዓለም ለማጥፋት የሚደረገው ዘመቻ የደረሰበት ደረጃ በየጊዜው የሚዘገበው በዚሁ ላይ ነው፤ በሽታው ካልጠፋባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያም በዘገባዎቹ ውስጥ ትገኛለች። በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በየዓመቱ እንደሚያዙ ይገመት ነበር፤ ከ2021 እስከ 2024 ግን በየዓመቱ የተመዘገቡት ከ20 ያነሱ ናቸው። በጋምቤላ ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ መገኘቱ ደግሞ ሰውን ብቻ መከታተል እንደማይበቃ አስገንዝቧል።

የውስጥ ምርመራው የፍጥነቱ ምንጭ የሆነውን ያህል የድክመቱም ምንጭ ነው። መጽሔቱ የአንድ የመንግሥት ተቋም ድምፅ በመሆኑ የፖለቲካ ጫና በቀላሉ ሊደርስበት ይችላል። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት የመንግሥት የፖለቲካ ተሿሚዎች በሪፖርቶቹ ይዘት ላይ ጣልቃ ለመግባት መሞከራቸው ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቷል። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ አዲሱ አስተዳደር የጤና ተቋማት መግለጫ እንዳያወጡ ለጊዜው በማገዱ ኅትመቱ ተቋረጠ፤ የቀጠለው በፌብሩዋሪ ነው። በሽታ ግን የአስተዳደር ለውጥ አይጠብቅም። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነት መጽሔት ዋጋ የሚለካው በሁለት ነገሮች ነው፦ የታየውን ሳይዘገይ በመናገሩ፣ እንዲሁም ምን እንደሚታተም የሚወስኑት ማስረጃውን የመረመሩ ባለሙያዎች በመሆናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሐኪሙም ሆነ ሕዝቡ ማስጠንቀቂያውን አምኖ እርምጃ ሊወስድ አይችልም።