ስለ መታጠቢያ ቤት የአየር ማውጫና ስለ ኤሌክትሪክ ጥንቃቄ

በመታጠቢያ ቤት ውስጥ የሙቅ ውሃ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ግድግዳው ይሻግታል፤ ቀለሙ ይላጣል፤ ደረቱ ደካማ የሆነም ልጅ በሳል ይጨነቃል። ስለዚህ እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ የሚያስገቡትን ባለቤቶች እናመሰግናለን። ነገር ግን ሥራው ለማንም እጅ የሚተው አይደለም።

ከወዳጆቻችን አንዱ ይህንን ዕቃ በመስኮቱ አጠገብ አስገባና መዞሩን ባየ ጊዜ ለሠራተኛው ዋጋውን ከፍሎ አሰናበተው። ከጥቂት ወራት በኋላ የቤቱ እመቤት በበርጩማ ላይ ቆመው የማራገቢያውን የብረት ፊት በርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ ኤሌክትሪኩ መትቶ ጣላቸው፤ ክንዳቸው ተሰብሮ በሕይወት ተረፉ። ዕቃው ተፈትቶ ሲታይ ያ ሠራተኛ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለውን የመሬት ሽቦ ቈርጦ ጥሎት ኖሯል። ማራገቢያው ያለዚህ ሽቦ ደኅና አድርጎ ይዞራልና፥ እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አላወቀበትም።

በአገራችን ቤቶች የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የረጠበ ገላ 1,000 ኦም ያህል ብቻ ቢቃወመው 220 ሚሊ አምፔር ያልፍበታል፤ ልብን ለማወክ ከዚህ እጅግ ያነሰው ይበቃል። ብዙ ሰው የሚታመንበት ቫልቮላ ግን 10 አምፔር እስኪያልፍ ድረስ ዝም ይላል፤ ሥራው ሽቦውን ከመቃጠል መጠበቅ ነውና። ሰውን የሚጠብቀው አር ሲ ዲ የተባለው ማቋረጫ ነው። ይህ እንደ ጥንቁቅ የግምጃ ቤት ሹም የወጣውንና የተመለሰውን ኤሌክትሪክ ያስተያያል፤ 30 ሚሊ አምፔር ቢጎድልበት ወዲያው ይቈርጣል።

የእንግሊዝ አገር መሐንዲሶች ቢ ኤስ 7671 በሚሉት ደንባቸው፥ ከገንዳው በላይ እስከ 2 ሜትር ከ25 ሳንቲም ያለውን ስፍራ፥ ከዚያም ወደ ጎን 60 ሳንቲም ያህሉን ለይተው አስቀምጠዋል። በነዚህ ስፍራዎች የሚገባ ማራገቢያ የውሃ ርጭት የማይገባበት፥ ይኸውም አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ምልክት ያለው መሆን አለበት። ለውሃው እጅግ ለቀረበው ስፍራ በ12 ቮልት የሚሠራውን እንመርጣለን፤ ኃይሉን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ግን ከክፍሉ ውጭ ይቀመጥ። አንዱ ካሬ በሌላው ውስጥ የተሣለበት ዕቃ ድርብ መከለያ ስላለው የመሬት ሽቦ አይሻም፤ በ220 ቮልት የሚሠራው ሌላው ሁሉ ግን ይሻል። ምልክቱን ሳያነቡ ከሻጭ ቃል ብቻ መቀበል አይገባም።

ማብሪያና ማጥፊያው ከበሩ ውጭ ይሁን። ከዚህም ሌላ ሁለቱንም ሽቦ አንድ ጊዜ የሚቈርጥ ማጥፊያ ይጨመርለት፤ አቧራው የሚጠረገው በዚህ ከተዘጋ በኋላ ነው።

በአር ሲ ዲው ፊት ላይ መፈተኛ ቁልፍ አለ። በየ6 ወሩ ይጫኑት፤ ተጭኖ ኤሌክትሪኩን ካልቈረጠ፥ ዕቃው እስኪለወጥ ድረስ ማራገቢያውን አያስነሡ።