የመዋኛ ገንዳ ገጽ መቼ ይታደሳል?
የውኃ፣ የኖራና የሲሚንቶ ፊዚክስ

አንድ የመዋኛ ገንዳ አርጅቷል የሚባለው መቼ ነው? አብዛኛው ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ቀለሙን አይቶ ነው። ነጭ ወይም ሰማያዊ የነበረው ወለል ሲጠቁር ወይም ሲዥጎረጎር «ይታደስ» ይባላል፤ ውኃው ይለቀቃል፣ አሮጌው ልስን በመሮ ይፈነቀላል፣ በቦታው አዲስ ይለሰናል። ይሁንና በብዙ ወጪ የተሠራው አዲስ ገጽ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ አሮጌው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው ከዕድሳቱ በፊት መጠየቅ የነበረበት አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ነው። ጥያቄውም፦ የታመመው ገጹ ነው ወይስ ውኃው? የሚል ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ገጹ የተበላሸ ገንዳ የዋናተኛን እግር ይልጣል፤ ለጀርሞች መሸሸጊያ ይሆናል፤ ወለሉ ከጠቆረም የሰጠመን ልጅ ከዓይን ይሰውራል። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ደግሞ በስንጥቅ የሚጠፋው ውኃ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። በዚህ ጽሑፍ የገንዳ ገጽ የሚበላበትን ምክንያት፣ የሚያሳያቸውን ምልክቶችና ምልክቶቹን በቀላል መሣሪያ ማረጋገጥ የሚቻልበትን መንገድ በአጭሩ እንመለከታለን።

ውኃ ሲሚንቶን እንዴት ይበላል?

የመዋኛ ገንዳ አካል ብዙውን ጊዜ በፌሮ የተጠናከረ ኮንክሪት ነው። ከዚያ በላይ ውኃ እንዳያሳልፍና ለስላሳ እንዲሆን ታስቦ አንድ ስስ ገጽ ይደረብበታል። ይህ ገጽ ከነጭ ሲሚንቶና ከእብነ በረድ ዱቄት የተሠራ ልስን፣ ሴራሚክ ወይም ቀለም ሊሆን ይችላል። ሴራሚኩ ራሱ በውኃ የማይበላ ቢሆንም በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ማያያዣ ግን ሲሚንቶ በመሆኑ ከልስኑ ዕጣ አያመልጥም።

ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር ከሚፈጠሩት ውሁዶች አንዱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ይህም በተለምዶ የታሸ ኖራ የምንለው ነገር ነው። በጊዜ ብዛት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ሁለቱም በመጠኑም ቢሆን በውኃ ይሟሟሉ።

እዚህ ላይ የሻይ ብርጭቆ እናስብ። ስኳር ያልተደረገበት ሻይ የጨመርንለትን ስኳር ያሟሟል፤ ከጠገበ በኋላ ግን ትርፉ ከታች ይቀራል። የገንዳ ውኃም እንዲሁ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ያልጠገበ ውኃ የጎደለውን ከልስኑ ላይ ይወስዳል፤ ከመጠን በላይ የጠገበ ውኃ ደግሞ ትርፉን በልስኑ ላይ እንደ ነጭ ቅርፊት ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ገጹን ይበላል፤ ሁለተኛው ያቆሽሻል።

የውኃውን ጥጋብ በቁጥር የገለጸው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ላንግሊየር ሲሆን፣ ዘዴውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1936 ነበር። የላንግሊየር መለኪያ የሚገኘው ውኃው ካለው ፒኤች ላይ በትክክል ጠግቦ ቢሆን ኖሮ ሊኖረው የሚገባውን ፒኤች በመቀነስ ነው። ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ውኃው ሚዛኑን ጠብቋል፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ይበላል፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ ያስቀምጣል። በተግባር ከ0.3 ሲቀነስ እስከ 0.3 ሲደመር ያለው መጠን ለገንዳ ተስማሚ ተደርጎ ይወሰዳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሙቀቱ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤቹ 7.2፣ ካልሲየሙ በሊትር 50 ሚሊ ግራም፣ አልካላይነቱ በሊትር 60 ሚሊ ግራም (ሁለቱም እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ተሰልተው)፣ ጠቅላላ ሟሚው ደግሞ በሊትር 200 ሚሊ ግራም የሆነ ውኃ ቢኖረን፣ ስሌቱ ከዜሮ በታች 1.3 ገደማ ይሰጠናል። ይህ የተራበ ውኃ ነው። ካልሲየሙን ወደ 250፣ አልካላይነቱን ወደ 100፣ ፒኤቹን ወደ 7.5 ብናሳድግና ጠቅላላ ሟሚው 500 ቢደርስ ግን ውጤቱ ከዜሮ በታች 0.1 ገደማ ይሆናል። ያው ገንዳ፣ ያው ልስን፤ የተለወጠው ውኃው ብቻ ነው።

ይህ ነገር በአገራችን ከቦታ ቦታ ይለያያል። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የምታገኘው ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለቶች ላይ የወረደ ዝናብ በመሆኑ በአብዛኛው የካልሲየም ድኻ ነው። በአንጻሩ ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ነው፤ ነዋሪዎቿ በማንቆርቆሪያቸው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት በሚገባ ያውቁታል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ያለ የገንዳ ባለሙያ ይበልጥ የሚፈራው መበላትን፣ በድሬዳዋ ያለው ደግሞ ቅርፊትን ቢሆን አያስደንቅም።

ምልክቶቹን በአራት መንገድ ማንበብ

1. በእጅ። ጤናማ ልስን ሲዳሰስ ለስላሳ ነው። የተበላ ልስን ግን እንደ ሞረድ ይሻክራል፤ አሮጌ የናይለን ካልሲ ቢጎተትበት ክሩን ይይዛል። መሻከሩ ጉዳት የሚያስከትለው በምን መንገድ ነው? በልስኑ ላይ የተፈጠሩት ጥቃቅን ጉድጓዶች ውኃው የማይናወጥባቸው ሥፍራዎች በመሆናቸው፣ ክሎሪን ወደ ውስጣቸው የሚደርሰው በሥርጭት ብቻ ነው። ለሥርጭት የሚያስፈልገው ጊዜ ደግሞ ከርቀቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ክሎሪን 0.1 ሚሊ ሜትር ለመግባት 3 ሴኮንድ ያህል ቢበቃው፣ 1 ሚሊ ሜትር ለመግባት ግን መቶ እጥፍ፣ ማለትም 5 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። በጉድጓዱ ውስጥ ዝቃጭና አልጌ ካለ ደግሞ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ተውጦ ያልቃል። ግድግዳው ዛሬ ተፈግፍጎ ከሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ የሚያረነጉድ ከሆነ፣ ጉድለቱ የጽዳት ሠራተኛው ሳይሆን የገጹ ሊሆን ይችላል።

2. በዓይን። የቀለም ለውጥ ሁሉ ዕድሳት አይጠይቅም። ቡናማ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ የብረት ዝገት ነው። አንድ የቫይታሚን ሲ እንክብል በነጠብጣቡ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ ሲያዝ ቀለሙ ከደበዘዘ፣ ነገሩ ብረት መሆኑን ይጠቁማል፤ ቫይታሚኑ የብረቱን አዮን በቀላሉ ወደሚሟሟ ዓይነት ይለውጠዋልና። ቀለሙ የሚለቀው በክሎሪን ከሆነ ግን ምንጩ ቅጠል፣ አልጌ ወይም ሌላ ሕይወት ነክ ነገር ነው። ሁለቱም ሊታጠቡ የሚችሉ ናቸው።

በዓይን ከሚታዩት ሁሉ የማይታለፈው ግን የወለሉ ብርሃን መቀነስ ነው። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር፣ ከላይ ሆኖ በቀጥታ ወደ ታች ለሚያይ ሰው 2 ሜትር ጥልቀት 1.5 ሜትር ያህል ሆኖ ይታየዋል። ማዕበሉ ደግሞ ምስሉን ይበትነዋል። በዚህ ላይ ወለሉ ከጠቆረ የሰጠመን ሰው ከወለሉ ለይቶ ማየት ያዳግታል። ዘብ የቆመው ዋናተኛ የጥልቁን ክፍል ወለል በግልጽ ማየት የማይችልበት ገንዳ፣ ምክንያቱ የውኃው መደፍረስም ይሁን የገጹ መጥቆር፣ እስኪስተካከል ድረስ መዘጋት ይገባዋል።

3. በጆሮ። ገንዳው ባዶ በሆነ ጊዜ ሴራሚኩን ወይም ልስኑን በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ እጀታ መታ መታ ማድረግ ነው። ከኮንክሪቱ ጋር በሚገባ የተጣበቀ ገጽ የምቱን ጉልበት ወደ ኮንክሪቱ ስለሚያስተላልፍ ድምፁ አጭርና ደረቅ ይሆናል። ከሥሩ የተላቀቀው ግን እንደ ከበሮ ቆዳ ለብቻው ይርገበገባል፤ ድምፁም ወፍራምና ባዶ ነው። የሚጮኸው ሥፍራ አንድ ሁለት ቦታ ከሆነ ይጠገናል፤ በየሜትሩ የሚሰማ ከሆነ ግን ገጹ ከአካሉ ተለያይቷል ማለት ነው።

ከስንጥቅ ውስጥ ዝገት ሲፈስ ከታየ ነገሩ ከገጽ ያልፋል። ፌሮ ሲዝግ ዝገቱ ብረቱ ከነበረው ከእጥፍ በላይ የሆነ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በዚህ ላይ አዲስ ልስን መደረብ ቁስልን ሳያጠቡ በፋሻ መሸፈን ነው፤ የመዋቅር መሐንዲስ ሊያየው ይገባል።

4. በመለኪያ። ውኃው እየቀነሰ ነው፤ ግን ይሰርጋል ወይስ ይተናል? ይህን በግምት ማወቅ አይቻልም። ለምሳሌ በጉለሌ፣ በሸጎሌ አካባቢ ያለ አንድ ገንዳ እናስብ። ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ስለሚጠጋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግፊቱ ዝቅ ሲል የውኃ ተን በአየር ውስጥ በቀላሉ ይሠራጫል፤ በበጋ አየሩ ደረቅና ነፋሻ ሲሆን ደግሞ ትነቱ ይበረታል። ስለዚህ የውኃው መጉደል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መፍትሔው አንድ ባልዲ ነው። ባልዲውን በገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጦ በውስጡ ያለውን ውኃ ከገንዳው ውኃ ጋር እኩል ማድረግና ሁለቱንም ደረጃዎች ምልክት ማድረግ። ዋናተኛ ሳይገባና ውኃ ሳይጨመር 24 ሰዓት ይጠበቃል። ባልዲውም ገንዳውም በአንድ ፀሐይና በአንድ ነፋስ ሥር ስለዋሉ ትነታቸው ተቀራራቢ ነው። ገንዳው ከባልዲው አብልጦ ከቀነሰ ልዩነቱ የሰረገው ውኃ ነው። ሙከራው ፓምፑ እየሠራና ቆሞ ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ ልዩነቱ የሚታየው ፓምፑ ሲሠራ ብቻ ከሆነ የሚያፈሰው ቧንቧው እንጂ ገጹ ላይሆን ይችላል።

ልዩነቱን ማቃለል አይገባም። 25 ሜትር በ12.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 312.5 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። በቀን 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሰርግ 3125 ሊትር ይሆናል። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ቢለካ ከ156 ጀሪካን በላይ ነው። በሸጎሌ የፈረቃውን ቀን የምትጠብቅ እናት የዚህን ቁጥር ትርጉም ለማወቅ ስሌት አያስፈልጋትም።

የጎንደር ትምህርት

ስለ ገጽና ስለ አካል መስማማት ለመማር ከአገር መውጣት አያስፈልግም። በጎንደር፣ በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው የመዋኛ ሥፍራ በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፤ ከበዓሉ በኋላም ይደርቃል። የተሠራውም በድንጋይና በኖራ ነው። የጎንደር አብያተ መንግሥት፣ ይህንኑ ሥፍራ ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን በጎንደር ሕንፃዎች ላይ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶና የተጠናከረ ኮንክሪት ጥቅም ላይ ውሎ ነበር። በኋላ ግን ይህ ለቅርሶቹ የማይስማማ መሆኑ ታውቆ ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ፊዚክሱ ግልጽ ነው። የኖራ ማያያዣ ለስለስ ያለና እርጥበት የሚያስተነፍስ ሲሆን ሲሚንቶ ግን ግትርና የተዘጋ ነው። ግድግዳው ሲረጥብና ሲደርቅ፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረውን ጫና ኖራው በራሱ ላይ ይቀበላል፤ ሲሚንቶው ግን ወደ ድንጋዩ ያስተላልፈዋል፤ እርጥበቱንም ከኋላው ያምቀዋል። የበለጠ ጠንካራ ገጽ ሁልጊዜ የተሻለ ገጽ አይደለም። ለዘመናዊ ገንዳም ሕጉ ያው ነው፤ አዲሱ ገጽ ከሥሩ ካለው አካል ጋር አብሮ መስፋትና መጥበብ፣ አብሮም መጣበቅ መቻል አለበት።

መቼ ይፈሰስ?

ዕድሳት ከተወሰነ በኋላም ወቅቱ መመረጥ አለበት። በክረምት ከእንጦጦ ተዳፋት የሚወርደው ውኃ መሬቱን ሲያጠግበው፣ ከመሬት በታች ያለው ውኃ ከገንዳው ወለል በላይ ሊወጣ ይችላል። ይህ ከፍታ 1.5 ሜትር ቢሆን ወለሉን ወደ ላይ የሚገፋው ግፊት በየካሬ ሜትሩ የ1500 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ወለል ግን በካሬ ሜትር 480 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ገንዳው ሙሉ ሳለ ወለሉን ተጭኖ ይይዘው የነበረው ውኃ ነበር። ባዶ ሲሆን ወለሉ ሊሰነጠቅ፣ አልፎም ገንዳው እንደ ጀልባ ከመሬቱ ሊነሣ ይችላል።

በበጋም ቢሆን ባዶውን ለረጅም ጊዜ መተው መልካም አይደለም። ኮንክሪት በየዲግሪው ከርዝመቱ አንድ መቶ ሺኛ ያህል ስለሚሰፋ፣ በቀንና በሌሊት መካከል የ20 ዲግሪ ለውጥ ያገኘው 25 ሜትር ወለል 5 ሚሊ ሜትር መሳብና መኮማተር ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራው በደረቁ ወራት፣ ቁሳቁስና ባለሙያ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ሳይጓተት መፈጸም አለበት። ከተሞላ በኋላም አዲሱ ሲሚንቶ ኖራውን እየለቀቀ ፒኤቹን ከፍ ስለሚያደርገው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልኬት በየቀኑ ሊሆን ይገባል። ፒኤቹ 7.5 ሲሆን ከነጻው ክሎሪን ግማሽ ያህሉ ጀርም የመግደል ብርቱ ኃይል ባለው መልኩ ይገኛል፤ ፒኤቹ 8 ሲደርስ ግን ይህ ወደ ሩብ ዝቅ ይላል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከላይ የተዘረዘረውን ወደ አንድ ሐሳብ ስናመጣው፣ በአንድ ቦታ የታየ ምልክት ጥገና፣ ሊታጠብ የሚችል ቀለም እጥበት፣ የሚዝግ ስንጥቅ ደግሞ መሐንዲስ ይፈልጋል። ገጹ በሙሉ ሲሻክር፣ በብዙ ሥፍራ ሲላቀቅ ወይም ከጽዳት በኋላ ያው ምልክት መልሶ መላልሶ ሲታይ የዕድሳት ጊዜ ደርሷል። በዚያን ጊዜም ቢሆን አስቀድሞ የሚመረመረው ውኃው ነው፤ የተራበ ውኃ አዲሱንም ልስን እንደ አሮጌው ይበላዋልና።

በየትምህርት ቤቱ የመዋኛ ገንዳ ባይኖርም የኮንክሪት ውኃ ማጠራቀሚያ ያላቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው፤ የውስጥ ልስናቸውም በዚሁ ሕግ ይገዛል። የሳይንስ ክበብ አባላት በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ሳንቲምና በፒኤች መለኪያ ወረቀት ከውጭ ሆነው ሊመረምሯቸው ይችላሉ። የሚያገኙትን ውጤት ቀን ጠቅሰው በደብተር ቢመዘግቡና በዓመቱ ቢያነጻጽሩት፣ ማጠራቀሚያው መቼ እንደሚለሰን ለርእሰ መምህሩ በማስረጃ መንገር ይችላሉ።