ጭላዳ እንዴት አውራ ይሆናል?

እናንተ በላህና በብር ወንዝ አካባቢ የምታርሱ ገበሬዎች፣ የዝንጀሮን ጠባይ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልጋችሁም። በቆሎው እሸት ሲይዝ ወንጭፍ ይዛችሁ ማማ ላይ የምትውሉት እናንተ ናችሁ። መንጋውን አስከትሎ የሚመጣውን ገመሬም ከሩቅ ትለዩታላችሁ። ታዲያ ይህ ገመሬ አውራነቱን ከየት አገኘው? ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ጥሩ መልስ የተገኘው ከዝንጀሮው ዘመድ ከጭላዳ ነው።

ጭላዳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በሰሜን ጎንደር፣ ከደባርቅ ባሻገር ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በየጊዜው እየተመላለሱ፣ ጭላዳዎቹን አንድ በአንድ በመልካቸው እየለዩ ኑሯቸውን መዝግበዋል።

ከሩቅ ስታዩት አንድ ትልቅ መንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ብታስተውሉ ግን መንጋው በየቤተሰቡ የተከፋፈለ ነው። በአንዱ ቤተሰብ አንድ አውራ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው ይኖራሉ። ሴቶቹ እናትና ልጅ፣ እኅትማማችም ናቸው፤ የቤቱ ባለቤቶች እነሱ ናቸው ቢባል አይበዛም። ቤተሰብ ያላገኙ ጎረምሶች ደግሞ ለብቻቸው የላጤ ጭፍራ ሆነው ዳር ዳሩን ይዞራሉ። ዓይናቸው ሁሉ ሰው ቤት ላይ ነው!

ፍልሚያው እንደ ኮርማ ወዲያው አይገጥምም። ላጤዎቹ ሲቀርቡ አውራው ይሮጣል፣ ቋጥኝ ወይም ዛፍ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ጥርሱን ያሳያል፤ ቅንድቡን አንሥቶ ነጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ያወጣል። ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር አልባ ቆዳም በአውራው ላይ ደማቅ ቀይ ነው። ይህ ሁሉ «ጉልበት አለኝ፣ አትድከም» ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚሁ ይበርዳል። ረጅምና ስለታም ክራንቻ ስላላቸው በእውነት ከተናከሱ ሁለቱም ይጎዳሉና።

ካልበረደ ግን ጠቡ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ሴቶቹ የሚመጡት። እኛ ተማሪዎች «ጠንካራው ያሸንፋል» እያልን ነው ያደግነው፤ ለጭላዳ ይህ ግማሹ ብቻ ይመስለኛል። ሴቶቹ አዲሱን ካልተቀበሉት ቤቱ አይጸናለትም፤ ከተቆጡ ተባብረው ያባርሩታል። ሴቶቹ የበዙበት አውራ ደግሞ ሁሉንም ማዳረስ፣ ፀጉራቸውን ማበጠር አይችልም፤ እንዲህ ያለው ቤት ለላጤ ክፍት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አዲሱ አውራ ቤቱን ከያዘ በኋላ ጡት የሚጠቡ ግልገሎችን ይገድላል። እብደት እንዳይመስላችሁ። የምታጠባ እናት ቶሎ ወንድ አትፈልግም፤ ላም ጥጃዋን እያጠባች ኮርማ ለመፈለግ እንደምትዘገየው ነው። ግልገሉ ሲሞት እናቲቱ ፈጥና ለአዲሱ ትደርስለታለች። ያረገዙትስ? በ2012 የወጣ የሰሜን ተራሮች ጥናት እንዳሳየው፣ አውራ በተለወጠ በሳምንታት ውስጥ ካረገዙት ከአሥሩ ስምንቱ ያህል ፅንሳቸው ይጨነግፋል። ቢወለድም ይገደልባት ስለነበር፣ እናቲቱ ለማይተርፍ ልጅ ወራት ከመድከም ትድናለች ይላሉ ተመራማሪዎቹ።

የተሸነፈው ሽማግሌ ብዙ ጊዜ አይሰደድም። ደረቱ እየገረጣ፣ ከቤቱ ጥግ ተጠግቶ ይቀራል። ሴት አይነካም፤ ልጆቹን ግን ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ነገር በሌሎች እንስሳትም ይታያል። በደቡብ አፍሪካ ጥብቅ ክልሎች የሚኖረው ነጭ አውራሪስ ርስቱን በሽንቱና በፋንድያው ያካልላል። ሌላ ወንድ ካሸነፈው ሽንቱን መርጨትና ፋንድያውን መበተን ያቆማል፤ አንገቱን ደፍቶ እዚያው ርስት ላይ የሚኖርም አለ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጭላዳ ገብስ ስለሚያጠፋ ደገኛው ይጣላዋል፤ ድሮም በአንዳንድ አካባቢ ትልልቆቹ ወንዶች ለጎፈራቸው ሲባል ይገደሉ ነበር። አንድ አውራ በጥይት ሲወድቅ ቤቱ ባዶ አያድርም፤ ላጤው ወዲያው ይገባል። የሟቹ ግልገሎች ጠባቂ ስለሌላቸው ለአዲሱ አውራ ይጋለጣሉ፤ በእናቶቻቸው ሆድ ያሉትም አብዛኞቹ አይወለዱም።