ጀልባ ደረጃ ሲወጣ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዲቫይዚስ በምትባል ከተማ አጠገብ ጀልባዎች ኮረብታ ይወጣሉ ብንላችሁ ታምኑናላችሁ? ቦታው ኬን ሂል ይባላል። የኬኔትና ኤቨን ቦይ እዚህ ሲደርስ በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ 72 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ይህን የሚያደርገው «ሎክ» በሚባሉ 29 የውሃ ደረጃዎች ነው። ሁሉንም ለመጨረስ 5 ወይም 6 ሰዓት ይፈጃል። ጀልባዋን የሚነዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለሙያ ካፒቴን ሳይሆን ለእረፍት የወጣ ቤተሰብ ነው።

ሎክ ማለት ጎንና ጎኑ በግንብ የታጠረ፣ ከላይና ከታች በር ያለው ረጅም ገንዳ ነው። ከታች መጣችሁ እንበል። ጀልባዋን አስገብታችሁ የታችኛውን በር ከኋላችሁ ትዘጋላችሁ። ከዚያ አንዳችሁ ወደ መሬት ትወርዱና በላይኛው በር በኩል ያለውን ትንሽ የውሃ መዝጊያ በእጅ ማዞሪያ ብረት እያዞራችሁ ታነሳላችሁ። ከላይኛው ቦይ ውሃ በራሱ ክብደት ወርዶ ገንዳውን ሲሞላ ጀልባዋም አብራው ከፍ ትላለች። ውሃው ከላይኛው ቦይ ጋር እኩል ሲሆን የላይኛውን በር ከፍታችሁ ትወጣላችሁ። አለቀ! ጀልባዋን ለማንሳት ሞተር አልሠራም። ወደ ላይ ያነሳት ወደ ታች የወረደው ውሃ ነው።

«በሩን ቀደም ብለን ብንገፋውስ?» አትችሉም። እስቲ እናስላው። አሁን ወደ ታች እየወረዳችሁ ነው፤ የታችኛው በር 2 ሜትር ስፋት አለው፤ ከውስጥ 4 ሜትር፣ ከውጭ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ተደግፎታል። ውሃ በ1 ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ1 ቶን ክብደት ያህል ይገፋል። የሁለቱን ወገን ልዩነት ስንደምረው በሩ ላይ 12 ቶን ያርፋል! የውሃው ልዩነት 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲቀር እንኳ ግፊቱ ገና 40 ኪሎ ነው። ስለዚህ ጀርባችሁን በሩ ላይ ወዳለው ረጅም የእንጨት ክንድ አስደግፋችሁ ትጠብቃላችሁ። ልዩነቱ ሲጠፋ ያ ሁሉ ቶን የነበረበት በር በአንድ ልጅ ጉልበት ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። የሚገርመው ይኸው ግፊት ጠባቂም መሆኑ ነው፤ ውሃው ሳይስተካከል ማንም ተሳስቶ በሩን አይከፍተውም።

ግን ግፊቱ የማይጠብቃችሁ አንድ ቦታ አለ። የላይኛው በር የቆመበት ደፍ ወደ ገንዳው ውስጥ ገባ ያለ የድንጋይ ደረጃ ነው። ገንዳው ሙሉ ሲሆን ውሃው ይሸፍነዋል። ወደ ታች ስትወርዱ ጀልባዋ ወደ ኋላ ከተጠጋች ውሃው ሲጎድል ኋላዋ ደፉ ላይ ይቀራል፣ ፊቷ ግን መውረዱን ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ለመስጠም ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም። ደፉ የት እንደሚያልቅ ለማሳየት በግንቡ ላይ ነጭ መስመር ይቀባል፤ ጀልባዋ ሁልጊዜ ከመስመሩ ፊት ትሁን። ከተንጠለጠለች ግን መጀመሪያ የታችኞቹን የውሃ መዝጊያዎች ዝጉ፤ ቀጥሎ ከላይ በቀስታ ውሃ መልሳችሁ ሙሉ። ገመድም ቢሆን በእጅ ይያዛል እንጂ ጠብቆ አይታሰርም፤ የታሰረች ጀልባ ውሃው ሲወርድ ገመዱ ላይ ትንጠለጠላለች።

ይህ ሁሉ ነፃ አይደለም። አንድ ጠባብ ሎክ እንኳ በአንድ ጊዜ ከ100,000 ሊትር በላይ ውሃ ወደ ታች ይለቃል። ኬን ሂል ላይ ያሉት ሰፋፊ ስለሆኑ ከዚያም ይበልጣል። በ1996 የተተከለው ፓምፕ በቀን እስከ 32 ሚሊዮን ሊትር ከኮረብታው ግርጌ ወደ ላይ መመለስ ይችላል። ጀልባ ነጂዎችም ሌላ ጀልባ ጠብቀው ጎን ለጎን ይገባሉ፤ ለሁለት የሚወጣው ውሃ ገንዳውን ለመሙላት ለአንድ ከሚወጣው አይበልጥምና።

«ከባድ ጀልባስ ብዙ ውሃ አትፈጅም?» ገንዳውን ለመሙላት የሚገባው ውሃ ጀልባዋ 20 ቶን ብትሆንም ዳክዬ ብቻ ቢኖርም ያው ነው። ልዩነቱ ያለው በመግባትና በመውጣት ላይ ነው። የአርኪሜደስን ሕግ ታስታውሳላችሁ? ወደ ላይ የምትሄድ ባለ 20 ቶን ጀልባ ከገንዳው ስትወጣ፣ የነበረችበትን ቦታ ለመሙላት 20 ቶን ውሃ ከላይኛው ቦይ ይገባል። ወደ ታች የምትሄደው ግን ስትገባ 20 ቶን ውሃ ወደ ላይኛው ቦይ ትገፋለች። ስለዚህ ከባድ ጀልባ ስትወጣ ቦዩን ታስከፍላለች፣ ስትወርድ ደግሞ ታቆጥባለች።