እኩል ሥራ፣ እኩል ደመወዝ፦ የጥቁሮች ታሪክ ከሞያሌ ሲታይ

በየካቲት ወር የጥቁሮችን ታሪክ እናስባለን ብለን ስንነግራቸው፣ ከስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «እዚህ ቦሪ ሁላችንም ጥቁር አይደለንም እንዴ? ለምን ለብቻው ይታሰባል?» አለን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኛ ግን ጥያቄውን ይዘን ወጣን፤ ይህ ጽሑፍ መልሳችን ነው።

ልማዱን የጀመሩት አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ካርተር ዉድሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1926 ፌብሩዋሪ ውስጥ አንድ ሳምንት ለጥቁሮች ታሪክ ለዩ፤ በ1976 ሳምንቱ ወር ሆነ። ለእኛማ የካቲት እንግዳ አይደለም፤ የካቲት 12 አለን፣ የዓድዋ ድል የካቲት 23 አለን። የሞያሌን የካቲት ግን ብዙ ሰው አያወሳውም።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1940 ጣሊያኖች የኬንያን ሞያሌ ከበው ያዙ። ምሽጉን ይጠብቁ የነበሩት የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ፤ በሌሊት ሾልከው ወጡ። በፌብሩዋሪ 1941፣ ማለትም በየካቲት 1933 ዓ.ም.፣ ከተማዋ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ኢትዮጵያን ነጻ ባወጣው በዚያ ዘመቻ ከኬንያ፣ ከኒያሳላንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከጎልድ ኮስት የመጡ አፍሪካውያን ተዋግተዋል። ጥይቱ ቀለም አልለየም፤ ደመወዙ ግን ለየ። አዛዦቻቸው ነጮች ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ የተሰጠው የስንብት ገንዘብም በቆዳ ቀለም ተከፋፍሎ ነጩ እስከ ሦስት እጥፍ ያገኝ ነበር። ከደቡብ አፍሪካ ጦር ጋር የመጡት ጥቁሮችማ ጭራሽ ጠመንጃ አልተፈቀደላቸውም፤ ሹፌርና የጉልበት ሠራተኛ ሆነው አገለገሉ።

ነገሩ በጦር ሠራዊት ብቻ አልቀረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቶም ምቦያ የናይሮቢ ከተማ ምክር ቤት የጤና ተቆጣጣሪ ነበር። አፍሪካዊው ተቆጣጣሪ ከነጩ ባልደረባው ደመወዝ አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ያገኝ እንደነበር ጽፏል። አንድ ቀን ብቻውን ቢሮ ተቀምጦ ሳለ አንዲት አውሮፓዊት የወተት ናሙና ይዘው ገቡና፣ ፊት ለፊታቸው እያዩት፣ ሰው የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ምቦያ ዝም አላለም፤ ዓይናቸው ጤነኛ እንደሆነ መልሶ ጠየቃቸው። ይህን ታሪክ ለልጆች ስናነብ ሁሌም ይስቃሉ፤ እኛ ግን ከደመወዙ ይልቅ የሚያስቆጨን ይኸኛው ነው። ምቦያ በኋላ የሠራተኛ ማኅበራት መሪ፣ ከዚያም የሥራ ሚኒስትር ሆነ።

ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው። በሥራና በሙያ የሚደረግ መድልዎን የሚከለክለውን የ1958ቱን ዓለም አቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ በ1966፣ ኬንያ በ2001 አጽድቀዋል። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 በዘርም ሆነ በቀለም፣ በጎሣም ማበላለጥን ይከለክላል። የ2007ቱ የሥራ ሕግ እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ይላል። በ2008 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠራተኞቹ ከሲሶ በላይ ከአንድ ጎሣ እንዳይሆኑ ይደነግጋል። ቦረናው፣ ገብራው፣ ጋሬው፣ ቡርጂው፣ አማራው በአንድ ገበያ በሚገናኝበት በእኛ ከተማ ይህ ቁጥር ተራ ነገር አይደለም።

መድልዎ ግን ዛሬ በአዋጅ አይመጣም። በወሬ ነው የሚመጣው። ክፍት ቦታው ሳይለጠፍ፣ «የእገሌ ልጅ ሥራ ፈትቷል» ተብሎ ሻይ ቤት ውስጥ ያልቃል። ማንም ማንንም አልሰደበም፤ ሌላው ግን ቦታው መኖሩንም ሳይሰማ ቀረ።

በእኛ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ደግሞ ስድቡም አለ። ጠቆር ያለውን ሰው «ባሪያ» ብሎ መጥራት በብዙ ቤት እንደ ቀልድ ይታለፋል። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ከሞያሌው የካቲት አንድ ዓመት ተኩል በኋላ። ቃሉ የሩቅ ዘመን ተረት እንዳይመስለን፣ የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። በዚህ ቃል የተጠራ ልጅ ነገ ሥራ ለመጠየቅ ከበር ሲቆም ምን ይዞ እንደሚቆም ወላጆች ይገምቱ።

ትምህርት ቤታችንም ከዚህ ነጻ አልነበረም። አምና የጥበቃ ሠራተኛ ስንቀጥር ማስታወቂያ አልለጠፍንም፤ ከመምህራን አንዱ የሚያውቀውን ሰው አመጣ፣ ቀጠርን። ሰውየው ትጉ ነው፤ አንከፋበትም። ዘንድሮ ግን የቤተ መጻሕፍት ረዳት ስንፈልግ ማስታወቂያውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ ጽፈን፣ ደመወዙንም ገልጸን በገበያው በር ለጠፍን። አሥራ አንድ ሰው አመለከተ። ከእነርሱ ሰባቱን ከመካከላችን ማንም አያውቃቸውም ነበር።